ጎማው መሬት ሲነካ የሚረሳ ንስሐ

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ብዙዎቻችን በአየር ስንጓዝ ከወትሮው የተለየን ክርስቲያኖች እንሆናለን። አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። መዝሙረ ዳዊት ከቦርሳ ይወጣል። ለወራት ያልጸለየ ሰው እንኳ ያማትባል። ይሄ መልካም ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። እኔን የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሰሞኑን በአንድ ረጅም የሌሊት በረራ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። መብራቱ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ተኝቷል። ድንገት አውሮፕላኑ ይንገጫገጭ ጀመር። የቀበቶው ምልክት በራ፣ አስተናጋጆቹም ጋሪያቸውን እየገፉ ተመለሱ። አንዴ ወደ ታች ሸርተት ሲል ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ አማተበና ስልኩን አወጣ። የሰው ስልክ ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ወንበሩ ጠባብ ነው፣ እሱም ፊደሉን ከሩቅ እስኪነበብ ድረስ አተልቆታል። የመጀመሪያዋ መስመር «ወንድም ጋሼ ይቅር በለኝ» ትላለች። ፊቴን አዞርኩ። ሰውየው ግን ጻፈ፣ ጻፈ። ስልኩ ኤርፕላን ሞድ ላይ ነው፣ መልእክቱ የትም አይሄድም። ቢሆንም ጻፈ።

ቆይቶ አየሩ ረጋ። ነጋ። ቁርስ መጣ። ጎማው መሬት ሲነካ ሰው አጨበጨበ፣ ስልኮችም ይጮኹ ጀመር። ጎረቤቴ ያንን ጽሑፍ ከፈተው። ትንሽ አየው። ከዚያ ማጥፊያዋን ጫን አድርጎ ያዛት፤ ጽሑፉ ከመጨረሻው መስመር ጀምሮ ወደ ላይ እያለቀ ሄደ፣ በመጨረሻ «ወንድም ጋሼ» የሚለውም ጠፋ። ለሌላ ሰው «ደርሻለሁ» ብሎ ላከና ሻንጣውን ሊያወርድ ተነሳ።

ሰውየው ላይ አልፈርድም። በሁለቱ መካከል ምን እንዳለ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ግን ነገሩ የብዙዎቻችን ነው። ሰማይ ላይ ሞት ትዝ ይለናል፤ ሞት ትዝ ሲለን ቤተሰብ ትዝ ይለናል፤ ቤተሰብ ትዝ ሲለን ደግሞ የበደልነው፣ የተኳረፍነው፣ «ሌላ ጊዜ» ያልነው ሁሉ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ጸጋ ነው። መሬት ስንወርድ ግን ሞትንም፣ ቤተሰብንም፣ በደላችንንም ከመቀመጫው ኪስ ውስጥ ትተናቸው እንወጣለን።

እውነቱን ለመናገር ፍርሃታችን ራሱ ቦታውን የሳተ ነው። መንገጫገጡ ያስደነግጣል እንጂ የዛሬን አውሮፕላን እንዲህ በቀላሉ አይጥለውም፤ ክንፉም እንዲተጣጠፍ ሆኖ ነው የተሠራው። በመኪና አደጋ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሞታል። በመንገደኞች አውሮፕላን የሚሞተው ከዚህ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ሞትን ፈርተን ንስሐ የምንገባ ከሆነ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ ታክሲው ውስጥ ነበር መጀመር የነበረብን። ታክሲው ውስጥ ግን ከሾፌሩ ጋር ስለ ዋጋ ስንከራከር ነው የምንደርሰው።

ቢሆንም አየር ላይ መሆን አንድ የማይካድ ነገር ያሳየናል። ያለነው ከምድር 10 እና 11 ኪሎ ሜትር ከፍ ብለን ነው። ከመስኮቱ ውጪ ያለው ብርድ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ከመሳሳቱ የተነሣ የውስጡ ግፊት በድንገት ቢጠፋ፣ ሰው ራሱን ሳይስት የሚቆየው ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ጭምብሉን መጀመሪያ ለራሳችሁ አድርጉ የሚሉንም ለዚህ ነው። (በዚህ ጭምብል ስንት ስብከት ተሰብኳል! እኔ አልጨምርበትም።) ከዚያ ሁሉ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው፣ እኛ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፈን ፊልም እናያለን። ታዲያ ምድር ላይ ስንወርድ ግድግዳው ወፈረልን? የት ይወፍራል! አንዲት የደም ሥር ናት። አንዲት ትንፋሽ ናት።

ቅዱስ ያዕቆብ ስለዚህ የጻፈው መቼም ከልቤ አይወጣም። «አሁንም፦ ዛሬ ወይም ነገ ወደዚህ ከተማ እንሄዳለን በዚያም ዓመት እንኖራለን እንነግድማለን እናተርፍማለን የምትሉ እናንተ፥ ተመልከቱ፥ ነገ የሚሆነውን አታውቁምና። ሕይወታችሁ ምንድር ነው? ጥቂት ጊዜ ታይቶ ኋላ እንደሚጠፋ እንፋሎት ናችሁና።» ልብ በሉ፣ የሚያናግረው መንገደኞችን ነው። ከተማውን መርጠዋል። የሚቆዩበትን ጊዜ ወስነዋል። ትርፉንም ቀድመው አስልተዋል። ዛሬ ቢሆን ቲኬታቸውን ቆርጠው፣ ሆቴላቸውን ይዘው፣ መቀመጫቸውንም በመስኮት በኩል መርጠው ነበር። ሐዋርያው የነቀፋቸው ስለተጓዙ አይደለም፣ ስለነገዱም አይደለም። በዚያ ሁሉ እቅድ ውስጥ የዕድሜ ባለቤት አለመኖሩን ነው የነቀፈው።

እንፋሎቱን ማየት የሚፈልግ ቀና ይበል። አውሮፕላን ከኋላው ጥሎት የሚሄደው ነጭ መስመር ከሞተሩ የወጣ እንፋሎት ነው፤ በዚያ ብርድ ወዲያው ወደ በረዶ ቅንጣት ተለውጦ ነው የሚታየን። አየሩ ደረቅ ከሆነ ቶሎ ይጠፋል። እርጥበት ካለው ሰፋ ብሎ ይቆያል። አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ ግን ሁሉም ይጠፋል። «የዘመኖቻችንም ዕድሜ ሰባ ዓመት፥ ቢበረታም ሰማንያ ዓመት ነው» ብሎ መዝሙረኛው የዘመረው ረጅሙን መስመር ነው። ደግሞም አስቡት፣ አውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የራሱን መስመር አያየውም። የሚያየው ከታች የቆመ ነው። እኛም እንዲሁ ነን። የእናታችን ፀጉር ሲሸብት እናያለን፣ የአባታችን እርምጃ ሲከብድ እናያለን፣ የራሳችን ዕድሜ ሲበን ግን አይታየንም። ለዚህ ነው «ጊዜ አለኝ» ብለን የምንኳረፈው።

ያዕቆብ መፍትሔውንም ነግሮናል፤ «ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም ይህን ወይም ያን እናደርጋለን» በሉ አለ። ይህን ቃል ግን ምን አደረግነው? አሁን የምናገረው የሚመር ከሆነ ይቅር በሉኝ። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚለው በእኛ አፍ እምቢ ማለቻ ሆኗል! «እሺ እግዚአብሔር ቢፈቅድ እመጣለሁ» ካልን እንደማንመጣ የሰማን ሁሉ ያውቃል። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ እደውላለሁ» ስንል የማንደውል መሆናችን ነው። አረጋዊት እናት ይህን ቃል ሰምታ ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ትተኛለች። እግዚአብሔር ፈቅዶ ነበር እኮ! ጤና ሰጠን፣ ካርድ ሰጠን፣ ኔትወርክ ሰጠን፣ ያልፈቀድነው እኛ ነን። የራሳችንን ስንፍና በእርሱ ፈቃድ ላይ ስንለጥፍ ስሙን በከንቱ መጥራት እንደሆነ እንኳ አይታወቀንም።

እኔን ግን በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ቀራንዮ ነው። ዮሐንስ ወንጌላዊ እንዲህ ጻፈ፦ «ኢየሱስም እናቱን ይወደው የነበረውንም ደቀ መዝሙር በአጠገቡ ቆሞ ባየ ጊዜ እናቱን፦ አንቺ ሴት፥ እነሆ ልጅሽ አላት። ከዚህ በኋላ ደቀ መዝሙሩን፦ እናትህ እነኋት አለው። ከዚህም ሰዓት ጀምሮ ደቀ መዝሙሩ ወደ ቤቱ ወሰዳት።» በዮሐንስ በኩል እመቤታችን ለሁላችን እናት ሆና መሰጠቷን አባቶቻችን አስተምረውናል። ይህ ስጦታ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ ሌላውንም ጎን ትንሽ እንየው።

ጌታ በዚያ ሰዓት ምን እያደረገ ነው? ዓለምን እያዳነ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም፣ አልነበረም፣ አይኖርምም። እጆቹና እግሮቹ ተቸንክረዋል። አንዲት ቃል ለመናገር መተንፈስ ያስፈልጋል፣ በመስቀል ላይ ደግሞ መተንፈስ ራሱ ሥቃይ ነው። በዚያ ሥቃይ ውስጥ ካወጣቸው ጥቂት ቃላት መካከል የእናቱ ጉዳይ አለበት። የማን ቤት ታድራለች? ማን ይጠብቃታል? ይህን ሳይጨርስ ነፍሱን አልሰጠም። «አሁን የዓለም ቤዛነት ላይ ነኝ፣ የቤት ጉዳይ ይቆየኝ» አላለም። ወንጌላዊው «ተፈጸመ» የሚለውን ቃል የጻፈው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን አንተን ላናግርህ፣ አገልጋዩ ወንድሜ። ጉባኤ አያመልጥህም። መዝሙር ጥናት አያመልጥህም። ከከተማ ከተማ እየበረርክ ታስተምራለህ። እናትህን ካየሃት ግን ስንት ጊዜህ ነው? ሚስትህ ስትታመም ያስታመማት ማነው? ልጅህ «አባዬ ዛሬም ጉባኤ አለው» ማለት የለመደው ከስንት ዓመቱ ነው? አገልግሎት በዛብኝ እንዳትለኝ። አገልግሎትህ ከመስቀል ይበልጣል? ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ምን እንዳለው አንተው ስታስተምረው ሰምቻለሁ፤ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ «ሃይማኖትን የካደ ከማያምንም ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው»። ይህን ቃል የጻፈው ሐዋርያ ራሱ ሚስትና ልጅ የሌለው፣ ዕድሜውን ሁሉ በመርከብና በእግር ሲጓዝ የኖረ ሰው ነው። እንዲያ የኖረ ሰው እንኳ መንገድን የቤተሰብ ማምለጫ አላደረገውም።

የዮሐንስም ነገር አይለፈን። «ከዚህም ሰዓት ጀምሮ» ነው የሚለው። ነገሩ እስኪረጋጋ አልጠበቀም። እኛ ብንሆን ቤቴን ላሰናዳ፣ በዓሉ ይለፍ፣ ከዘመድ ልማከር እንል ነበር።

«እነዚህ በዓለም ያሉ ናቸው፣ መናኞቹስ?» የሚል አይጠፋም። የመናኞችን አባት ታላቁን አባ እንጦንስን እንይ። ወላጆቹ ሲሞቱ ገና የ18 ወይም የ20 ዓመት ወጣት ነበር፣ አንዲት ታናሽ እኅትም ነበረችው። ወንጌሉን ሰምቶ ያለውን ሁሉ ለድሆች ሰጠ። እኅቱን ግን ሜዳ ላይ አልጣላትም። ለሚያውቃቸው ለታመኑ ደናግል በአደራ ሰጥቷት ነው የወጣው። በረሃ ከመግባቱ በፊት ቤቱን አስተካክሏል።

ይኸው አባት ለልጆቹ ያስተማረውን ቅዱስ አትናቴዎስ ጽፎልናል። «ዕለት ዕለት እሞታለሁ» የሚለውን የጳውሎስን ቃል ይዞ፣ ጠዋት ስንነሣ እስከ ማታ እንደማንቆይ፣ ማታ ስንተኛ ደግሞ እንደማንነሣ እናስብ ይላል። የሚጣፍጠው ከዚያ የሚቀጥለው ነው። እንዲህ ብንኖር ኃጢአት አንሠራም፣ ገንዘብ አናከማችም፣ በማንም ላይ ቂም አንይዝም፣ ለሁሉ ሁሉን ይቅር እንላለን ይላል። አያችሁ? ለእንጦንስ ሞትን ማሰብ መንቀጥቀጥ አይደለም። ወደ ይቅርታ የሚያደርስ መንገድ ነው። የእኛ ግን መንቀጥቀጡ ላይ ይጀምርና መንቀጥቀጡ ሲቆም አብሮ ይቆማል።

ነሐሴ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. አንድ የጃፓን አውሮፕላን 524 ሰው ይዞ ተነሣ። ብዙዎቹ ለበዓል ወደ ቤተሰቦቻቸው የሚሄዱ ነበሩ። ከተነሣ 12 ደቂቃ ያህል እንደሆነው የጭራው ክፍል ተገነጠለ፤ መሪው አልታዘዝ ብሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲዋልል ቆይቶ ተራራ ላይ ወደቀ። 4 ሰዎች ብቻ ተረፉ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዳንድ መንገደኞች ያገኙትን ወረቀት አውጥተው ጻፉ። ወረቀቶቹ ከስብርባሪው መካከል ተገኙ። ለማን የጻፉ ይመስላችኋል? ለቤተሰቦቻቸው ነው። አንድ አባት ልጆቹ እናታቸውን እንዲረዱ አደራ አለ፣ እስከዚያች ቀን ለኖረው ሕይወትም አመሰገነ።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። የዚያ አባት ቃል ሁሉ መሬት ላይ ሊባል የሚችል ነበር። እናታችሁን እርዱ፣ አመሰግናለሁ። አንዱም አየር ላይ መሆን አይፈልግም። ምናልባትም ቤቱ ሳለ ብሎት ያውቅ ይሆናል፣ እንዲያ ከሆነ ብፁዕ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ «ትሞታለህ እንጂ በሕይወት አትኖርምና ቤትህን አስተካክል» የሚል ማስጠንቀቂያ በነቢይ አፍ ደረሰው፣ ቢያለቅስ ደግሞ 15 ዓመት ተጨመረለት። እነዚያ ሰዎች ግማሽ ሰዓት አገኙ። የአብዛኛው ሰው ሞት ግማሽ ሰዓትም አይሰጥም።

እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ማድረግ አለብኝ። ይህን ስታነቡ ልባችሁ የቆሰለ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ባሕር ማዶ ሆናችሁ የአባታችሁን ሞት በስልክ የሰማችሁ አላችሁ። ቲኬት ስትፈልጉ፣ ፈቃድ ስትለምኑ፣ ትራንዚት ላይ ስትጠብቁ ቀብሩ ያለፈባችሁ አላችሁ። ተኳርፋችሁ ሳለ የተለያችሁም አላችሁ፣ እሱ ከሁሉ ይከብዳል። ለእናንተ ተግሣጽ የለኝም። እስካሁን የተናገርኩትንም እንደ ጅራፍ ወስዳችሁ ራሳችሁን አትግረፉበት።

እናንተ ያልደረሳችሁበት ክፍል ውስጥ እግዚአብሔር ነበረ። እናንተ ሰማይ ላይ ተሰቅላችሁ ስታለቅሱም ነበረ። ዳዊት «እንደ ንስር የንጋትን ክንፍ ብወስድ፥ እስከ ባሕር መጨረሻም ብበርር፥ በዚያ እጅህ ትመራኛለች፥ ቀኝህም ትይዘኛለች» ሲል የዘመረው እንደናንተ ርቆ ለሄደ ሰው ጭምር ነው። የያዛችሁ ቀኝና አባታችሁን የተቀበለው ቀኝ አንድ ነው። ሳትነግሩት የቀረውን ይቅርታ ለጌታ ንገሩት። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ጸሎተ ፍትሐት አስደርጉለት፣ በስሙ ለድሃ ስጡ። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የምትጸልየው ፍቅር መቃብር አፋፍ ላይ ስለማያበቃ ነው። አልቅሱ፣ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ግን ተስፋ እንደሌላቸው አይሁን።

በሕይወት ያሉ ዘመዶች ያሏችሁ ግን ሰበብ የላችሁም።

ከጉዞ በፊት «ጸልዩልኝ» ብሎ ፖስት ማድረግ ለምደናል። ከፓስፖርት ፎቶ ጋር፣ ከሻንጣ ጋር፣ ከአንድ ጥቅስ ጋር። መጸለዩ ጥሩ ነው፣ እኔም «አሜን» እጽፋለሁ። ግን አምስት ሺህ ሰው እንዲጸልይልህ ስትጠይቅ አንዲት እኅትህን ብሎክ እንዳደረግካት ነው እኮ! ጌታ መባውን እንኳ አልቀበልም አለ፤ «በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ»። መሠዊያው ፊት የቆመን ሰው ከመለሰ፣ ቦርዲንግ ፓስ ይዞ ጌት ላይ የቆመውን አይመልስም? ሦስት ሰዓት ቀድመን ነው የምንደርሰው። ያን ሁሉ ሰዓት ስልክ እየነካካን ነው የምናሳልፈው። በዚያው ስልክ መደወል ይቻላል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፣ ከአሥር ዓመት በፊት ማን ምን እንዳለ መዘርዘርም አያስፈልግም፤ እንዲያውም እሱን ከጀመራችሁት እንደገና ትጣላላችሁ። «ላሳዘንኩህ ይቅር በለኝ፣ ልሄድ ነው፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» በቂ ነው። ለልጆቻችሁም ዕቃ ገዝቼ እመጣለሁ ከማለት በፊት አቅፋችሁ መርቋቸው። የኤፌሶን ሽማግሌዎች ቅዱስ ጳውሎስን ወደ መርከቡ ሲሸኙት አብረው ተንበርክከው ጸልየው፣ አንገቱን አቅፈው እያለቀሱ ሳሙት። ፊቱን ዳግመኛ እንደማያዩ ነግሯቸው ነበርና።

«ብደውል አያነሳልኝም፣ ቢያነሳም ይሰድበኛል» ብለው የሚጨነቁ አሉ። ሐዋርያው ይህንንም አስቦበታል፤ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ይላል። በእናንተ በኩል ያለውን አድርጉ፣ በእሱ በኩል ያለውን ለእሱና ለእግዚአብሔር ተዉት። ካላነሳ መልእክት ጻፉለት፣ ጽፋችሁም ላኩት። እጁን አንሥቶ ወደሚመታችሁ ወይም ወደሚጎዳችሁ ሰው ቤት ግን ተመልሳችሁ ግቡ እያልኩ አይደለም። ይቅርታ ከልብ ይደረጋል፣ ከሩቅም ይደረጋል፣ እንዴት እንደምትይዙት ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።